ከስብሰባ እስከ ርክክብ፦ በኮልፌ ቀራንዮ የሰፈር ፕሮግራም ለምትጀምሩ

በአስኮም ሆነ በቤተል፣ በአየር ጤናም ሆነ በአጠና ተራ፣ ሰፈራቸውን ለማገልገል የሚነሱ ሰዎች በየዓመቱ አይጠፉም። የእድር ዳኞች፣ አዲስ ተመራቂ ወጣቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የጀመዓ አባላት፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና ነርሶች ይሰበሰባሉ፤ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ቲሸርት ያሳትማሉ፣ አንድ ቅዳሜ ሲያጸዱ ውለው ይለያያሉ። በወሩ ቦታው እንደነበረው ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ልባቸው አልሰነፈም፤ የጎደላቸው ዕቅድ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእናንተ ነው። የማኅበረሰብ ፕሮግራም የምንለው ተለይቶ የታወቀ አንድ ችግር፣ በታወቀ ጊዜ ውስጥ፣ በሚለካ መጠን እንዲቀንስ የሚሠራ ሥራ ነው። ለውጡም እናንተ ሥራውን ካቆማችሁ በኋላ መቆየት አለበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ «እኛ ስንሄድ ይህንን የሚይዘው ማን ነው?»

ነገሩ በአየር እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። በአንድ የቀበሌ ቤቶች በበዙበት ቀጠና 160 አባወራዎች ይኖራሉ እንበል። በጋራ የሚጠቀሙባቸው 24 ሽንት ቤቶች አሉ፤ ሕፃናት በተቅማጥ ደጋግመው ይታመማሉ። የእናንተ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ ሥራ ያጡ ወጣቶች። ደረጃዎቹ ግን አይለወጡም።

ደረጃ 1፦ ቡድኑን አዋቅሩ፣ ወሰኑን አስምሩ

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና መረጃ የሚይዝ ሰው ይመደብ። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለቱ ችግሩ በገዛ ቤታቸው ያለ ሰዎች ይሁኑ። በሽንት ቤቱ ምሳሌያችን ይህ ማለት ትንንሽ ልጆች ያሏትና ሽንት ቤቱን በየቀኑ የምትጠቀም እናት በቡድኑ ውስጥ ድምፅ ያላት አባል ናት ማለት ነው። ለስብሰባ ቡና የምታፈላ ሆና ብቻ እንዳትቀር።

ቀጥሎ የምትሠሩበትን ቦታ በእግራችሁ እየዞራችሁ ካርታ ንደፉ። አንድ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃችኋል። ቦኖ ውሃውን፣ የጋራ ሽንት ቤቶቹን፣ የቆሻሻ ገንዳውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሱቆቹን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን አስቀምጡ። ወረዳን በሙሉ አትያዙ። ከ100 እስከ 200 አባወራ ያለበት ቀጠና ለጀማሪ ቡድን ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እያንዳንዱን ቤት በወር አንድ ጊዜ እንኳ ማየት አትችሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው በቤት ቁጥር በመቁጠር ነው። አንድ የቤት ቁጥር ውስጥ ባለቤቱ፣ ተከራዩና ደባሉ ተከፋፍለው ይኖሩ ይሆናል። በመዝገብ የሚገኘው የአንዱ ስም ብቻ ሲሆን ተከራይና ደባል ከፕሮግራሙ ይወድቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ይበልጥ የሚቸገሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የምትቆጥሩት በአንድ ድስት የሚበሉትን እንደ አንድ ቤተሰብ አድርጋችሁ ይሁን።

ደረጃ 2፦ በሮቹን በቅደም ተከተል አንኳኩ

ሕዝቡን ከመሰብሰባችሁ በፊት ሦስት በሮች አሉ። መጀመሪያ የእድሩ፣ ቀጥሎ የሃይማኖት አባቶች፣ ከዚያ የወረዳው።

እድሩ የሚቀድምበት ምክንያት አለው። በሰፈሩ ውስጥ አባላቱን በስም የሚያውቅ፣ በየወሩ የሚሰበሰብ፣ ገንዘብ የመያዝ ልምድ ያለውና ከእናንተ በኋላም የሚኖር ተቋም እድሩ ነው። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ አሥር ደቂቃ ለምኑ። የሴቶች እድር ካለ ለብቻው ሂዱ፤ በወንዶቹ እድር የተነገረው ወደዚያ ይደርሳል ብላችሁ አትገምቱ።

በወረዳ ደረጃ የምትሄዱበት ጽሕፈት ቤት በጉዳያችሁ ይወሰናል። ለጤና ጉዳይ የጤና ጽሕፈት ቤቱና የአካባቢው ጤና ጣቢያ፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከመጀመሪያው አስገቧት። በየቤቱ ትዞራለች፤ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ ታውቃለች። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ጊዜውንና ኃላፊውን የያዘ አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከሌለ ቤት ለቤት የሚዞር ወጣት ጥርጣሬ ያነሳል፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው።

ስለ ሕጉም ይህን ያዙ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። በእድራችሁ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የምትሠሩ ከሆነ ድርጅት ማቋቋም ግድ አይላችሁም። ከለጋሾች ገንዘብ ተቀብላችሁ በስማችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ግን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደማይችል ከወዲሁ አስቡ። ብዙ ጊዜ የሚበጀው በአካባቢው ከሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ መጀመር ነው።

ደረጃ 3፦ እዩ፣ አወያዩ፣ ጠይቁ

«ችግሩን እናውቀዋለን፣ እዚሁ ነው ያደግነው» የሚለው ቡድን ይህን ደረጃ ይዘለዋል። የምታውቁት የራሳችሁን ግቢ ነው። ዳሰሳው ሦስት ወገን አለው፤ ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

*ማየት።* 24ቱንም ሽንት ቤቶች ዞራችሁ እዩ። ከሽንት ቤቱ በአሥር እርምጃ ውስጥ ውሃ አለ? ሳሙና አለ? በሩ ይዘጋል? ጉድጓዱ ሞልቷል? መልሱን «አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ መዝግቡ። ይህን የምናስቀድመው «እጅዎን በሳሙና ይታጠባሉ?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም ስለሌለው ነው፤ አልታጠብም የሚል ሰው አታገኙም። ደረቅ ባልዲ ግን አይዋሽም።

*ማወያየት።* ከስድስት እስከ አሥር ሰው ያለበት ቡድን ሰብስቡ፤ እናቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ አዛውንቶችን ለብቻ። አንድ ሰው ይጠይቅ፣ ሌላ ሰው ይጻፍ። ጠያቂው ከሁሉ ያነሰ የሚናገር ይሁን። በስብሰባው ማን እንደሌለም ተመልከቱ። ለምሳሌ አለርት ሆስፒታል ባለበት በዘነበወርቅ አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ሰዎች የሚሸሹት ወይም የሚያፍርበት ነገር ያለው ነዋሪ በአደባባይ ተነስቶ አይናገርም። እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ወይም በራሱ ማኅበር በኩል አግኙት።

*መጠየቅ።* ከ160ው ቤተሰብ በየአራተኛው ቤት ብትጠይቁ 40 ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ቤት ከአንድ እስከ አራት በዕጣ ምረጡ፤ ከዚያ ሳትዘሉ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ቤቱ ከተዘጋ ጎረቤት ገብታችሁ አትተኩ፤ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። አጠና ተራ ሸክምና ቀን ሥራ የሚውል ሰው ገና ሳይነጋ ይወጣል። በጠዋቱ አራት ሰዓት ብቻ ከዞራችሁ የምትሰሙት ቤት የዋለውን ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላና እሑድ ከሰዓትም ሂዱ። በኮልፌ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ የሚችል ጠያቂ ከቡድኑ ፈልጉ። ልጅ መሀል ቆሞ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

መጠይቁ ከ15 ጥያቄ አይብለጥ። ጥያቄው በጊዜ የተገደበና ትርጉሙ ቁርጥ ያለ ይሁን። «ልጅዎ ተቅማጥ ይይዘዋል?» አይባልም። «ከአምስት ዓመት በታች ያለው ልጅዎ ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ወጥቶት ነበር?» ይባላል። በወረቀት መሙላት ይቻላል፤ ስልክ ካላችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ኮቦ ኮሌክት በነፃ ይገኛል።

ከመጠየቃችሁ በፊት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ መልሱ ለምን እንደሚውልና መመለስ ግዴታ እንዳልሆነ። የሰው ስም በመጠይቁ ላይ አይጻፍ፤ ኮድ ስጡ፣ ስሙና ኮዱ ያለበት ዝርዝር በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሱ። «እርዳታ ይመጣል» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። በእርዳታ ተስፋ የተመለሰ መልስ የተጋነነ ይሆናል፤ ተስፋው ሲቀር ደግሞ ቀጣዩ ቡድን በሩ ይዘጋበታል።

በዙረቱ መሀል የተደበደበች ሴት ወይም የሚጎዳ ልጅ ልታገኙ ትችላላችሁ። ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ወስኑ። ሽማግሌ አትላኩ፣ ለማስታረቅም አትሞክሩ። ደህንነቷን ጠብቃችሁ፣ የእሷን ፈቃድ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱና ወደ ፖሊስ የምትደርስበትን መንገድ አሳዩ። የተጎዳው ልጅ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሳይውል ሳያድር ለሚመለከተው አካል መድረስ አለበት። የስልክ ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ጠያቂ ኪስ ይኑሩ።

ደረጃ 4፦ ችግሩ ለማን እንጀራ እንደሆነ ጠይቁ

የተሰበሰበውን መረጃ በትልቅ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ «ለምን?» እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ልጆች ለምን ይታመማሉ? እጅ ስለማይታጠብ። ለምን? ሽንት ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና ስለሌለ። ለምን? የተቀመጠ ሳሙና ስለሚጠፋ። ለምን? ሽንት ቤቱን ሰባት ቤት ይጠቀማል፣ ባለቤት ግን የለውም። የመጨረሻው መልስ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ሥራ ያሳያችኋል። በመጀመሪያው መልስ ያቆመ ቡድን ስለ ንጽሕና ንግግር ያደርጋል፤ እስከ መጨረሻው የወረደ ግን ተራ የሚያወጣና ኃላፊ የሚመርጥ የተጠቃሚዎች ስምምነት ይሠራል።

ከዚያ ብዙዎች የማይጠይቁትን ጠይቁ፦ እኛ ችግር ካልነው ነገር የሚኖርበት ሰው አለ? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የረጲ ቆሻሻ ክምር፣ ቆሼ የምንለው፣ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ለከተማው ሰው ቆሼ የሚሸትና አደገኛ ስፍራ ነበር። ከጎኑ ጎጆ ቀልሰው ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ለሚሸጡት ደግሞ መሥሪያ ቤታቸው ነበር። አደጋውን እያዩ የኖሩት የዕለት ጉርሳቸው እዚያው ስለሆነ ነው። የሰውን የገቢ ምንጭ ሳያይ «ከዚያ ተነሱ» ብቻ የሚል ዕቅድ ሰውን ወይ አያስነሳም፣ ወይ አስነስቶ ይጥላል።

በእናንተም ቀጠና ይህ አለ። ቱቦው አፍ ላይ የምትቸረችር እናት፣ ውሃ በጀሪካን እያመላለሰ የሚሸጥ ወጣት፣ ከገንዳው ቆራሌ የሚለቅም ልጅ ይኖራሉ። የምታመጡት ለውጥ ገቢያቸውን የሚነካ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን አብረዋችሁ ይቀመጡ። ውሃ የሚሸጠው ወጣት የመታጠቢያውን ባልዲ በክፍያ የሚሞላ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሳታማክሩት ከቀራችሁ ግን ሥራችሁን የሚቃወም የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ አይፈረድበትም።

ደረጃ 5፦ ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የዳሰሳውን ውጤት መጀመሪያ ለሕዝቡ መልሱ። በእድሩ ስብሰባ ላይ ቁጥሩን አንብቡ፤ ከቀረቡት ሦስትና አራት ችግሮች የቱ እንደሚቀድም ነዋሪው ይምረጥ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም እኩል እንዲወስኑ በየችግሩ ሥዕል ፊት ባቄላ እያስቀመጡ ይምረጡ።

ከተመረጠው ችግር ላይ ግብ ስትጽፉ ምን፣ ምን ያህል፣ የት፣ እስከ መቼ የሚሉት ይመለሱ። «የሰፈራችንን ንጽሕና ማሻሻል» ግብ አይባልም። «ውሃና ሳሙና ያላቸው የጋራ ሽንት ቤቶች ከ24ቱ 6 ብቻ የነበሩት እስከ ግንቦት 30 ድረስ 18 ይሆናሉ» የሚለው ግብ ነው። በመቶኛ ከ25 ወደ 75 ማለት ነው፤ መድረስ አለመድረሱን ማንም ሰው ዞሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ቀኑን በዘፈቀደ አትወስኑ። የተቅማጥ በሽታ፣ አተትን ጨምሮ፣ ክረምት ሲገባ ስለሚያይል ትግበራው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጥቅምት ቡድን ማዋቀርና በር ማንኳኳት፣ ኅዳር ዳሰሳ፣ ታኅሣሥ ዕቅድና በጀት፣ ጥር ሙከራ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ትግበራ፣ ክረምቱን ክትትል፣ በኅዳር ዳግመኛ ዳሰሳ፣ ከዚያም የሦስት ወር ርክክብ ይሆናል። ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን፣ የፈተና ሳምንቶችንና የበዓል ዋዜማዎችን በቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድማችሁ አስምሩ። ከወረዳው በጀት የምትፈልጉት ነገር ካለ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ ቀደም ብሎ፣ የዓመቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ ይድረስ።

ደረጃ 6፦ በጀቱን በግልጽ ሥሩ

እያንዳንዱን ተግባር ጻፉና ከፊቱ ምን ዕቃ፣ ስንት፣ ከማን እንደሚመጣ አስቀምጡ። በእኛ ምሳሌ ባለ ቧንቧ ባልዲ፣ ዱቄት ሳሙና፣ ሽቦ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የጽሕፈት መሣሪያና ጉድጓድ ማስመጠጫ ይመጣሉ። ትልቁ ወጪ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ቡድንም የሚረሳው እሱን ነው። ወደ አዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ከመሄዳችሁ በፊት የፍሳሽ መኪናው የት ድረስ መግባት እንደሚችልና ከዚያ እስከ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ለኩ። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ላለ ሽንት ቤት ቱቦው ካልደረሰ የከፈላችሁበት መኪና ባዶውን ይመለሳል።

ለዕቃ መወደድ ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህል መጠባበቂያ ያዙ። ነዋሪው የሚያዋጣውን ጉልበት፣ አጠናና ቆርቆሮም በብር ተምኑና በበጀቱ አስገቡ። ይህ ለጋሽን ለማሳመን ይረዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ነዋሪው የራሱን ድርሻ በዓይኑ ያያል።

ገንዘቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። ደረሰኝ ለሌለው ወጪ የገዛው፣ የተረከበውና ያየው የሚፈርሙበት ወረቀት ይኑር። ገቢና ወጪ በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበብ። ገንዘብ ያልጠፋባቸው ፕሮግራሞች እንኳ ሒሳቡ ባለመነገሩ ብቻ በሐሜት ይፈርሳሉ።

የአበልን ነገር ከመጀመሪያው ቁረጡ። በመጀመሪያው ስብሰባ አበል ከከፈላችሁ በሁለተኛው ያለ አበል የሚመጣ አይኖርም። ቡናና ቆሎ ለሁሉም ይቅረብ። ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት ለሚዞር ወጣት ግን ትራንስፖርቱንና ምሳውን ሸፍኑለት። ለሁሉም እኩል የሆነና በቃለ ጉባኤ የተያዘ መጠን ይሁን።

ደረጃ 7፦ በሁለት ግቢ ሞክሩ፣ ከዚያ አስፉ

ዕቃ ለ24ቱም አትግዙ። መጀመሪያ ሁለት ሽንት ቤት ምረጡ፤ አንዱ ነዋሪው የሚስማማበት፣ ሌላው የሚያስቸግር። ሦስት ሳምንት ሞክሩ።

ሙከራ ምን እንደሚያሳይ በሳሙናው ጉዳይ እንመልከት። ደረቅ ሳሙና ሽንት ቤት በር ላይ ካስቀመጣችሁ በማግስቱ የለም፤ ሰው ልብስ ያጥብበታል። በምትኩ 30 ግራም ያህል ዱቄት ሳሙና በአንድ ተኩል ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሱትና ጠርሙሱን በሽቦ ከበሩ መቃን ጋር እሰሩት። ጫን ሲሉት እጅ የሚያስታጥብ ያህል ይወጣል፤ ርካሽ ነው፣ ማንም አይወስደውም። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አስተውሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ይደርስበታል? ካልደረሰ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ባልዲውን ሌሊት ማን ያስገባዋል? ጠርሙሱ ሲያልቅ ማን ይሞላል? እነዚህን ጥያቄዎች በሁለት ግቢ መልሳችሁ ካልጨረሳችሁ በ24 ግቢ አትችሏቸውም።

ለእያንዳንዱ ሽንት ቤት ተጠቃሚዎቹ የሚስማሙበት የአንድ ገጽ ውል ይኑር፦ የጽዳት ተራ በስም፣ ቁልፍ ያዥ፣ ሳሙና የሚበጠብጥ፣ በወር የሚዋጣው መጠን፣ ተራውን ላላከበረ ምን እንደሚደረግ። ተከራዮችም ይፈርሙ። ተራውን በሴቶች ላይ ብቻ አትከምሩት፤ በውሉ ላይ የወንዶች ስም ካልተጻፈ ሥራው ሁሉ ወደ እናቶችና ወደ ሴት ልጆች ይዞራል።

ትምህርቱን በአዳራሽ ንግግር አትጨርሱት። በጎ ፈቃደኞቻችሁን ሁለት ግማሽ ቀን አሠልጥኑ፤ ግማሹ ጊዜ ለልምምድ ይሁን። ከዚያ በየቤቱ አሥር ደቂቃ፣ አንድ መልእክት ብቻ ይውሰዱ። የመጀመሪያው ሳምንት መልእክት እጅ የሚታጠብባቸው ጊዜያት ይሁን፦ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራትና ከመብላት ወይም ልጅ ከማብላት በፊት። በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አበጣጠር ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆነው ያሳዩ። ከመናገር አሳይቶ ማስደገም ይሻላል፤ እናትየው ራሷ በጥብጣ ካሳየች ትምህርቱ ገብቷታል።

ደረጃ 8፦ የሠራችሁትንና የተለወጠውን ለይታችሁ ለኩ

«12 ስብሰባ አካሄድን፣ 300 በራሪ ወረቀት አደልን» የሚል ሪፖርት የእናንተን ልፋት ይናገራል፤ የልጆቹን ጤና አይናገርም። ሁለት ዓይነት መዝገብ ያዙ። አንዱ የሠራችሁትን ይያዝ፦ ስንት ጠርሙስ ተሰቀለ፣ ስንት ቤት ተጎበኘ። ሌላው የተለወጠውን ይያዝ፦ ሳታስታውቁ በሄዳችሁበት ቀን ከ24ቱ ሽንት ቤቶች በስንቱ ውሃና ሳሙና ተገኘ።

ጉብኝቱ በየወሩ፣ በዕጣ በወጣ ቀንና ሰዓት ይሁን። ቀኑ ከታወቀ ሁሉም ባልዲ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። አንዱ ቡድን ሌላው የሚሠራበትን ወገን ይይ፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲመዝን ሚዛኑ ያደላል። ውጤቱን በቀይና በአረንጓዴ ነጥብ ካርታው ላይ ለጥፉ። ቀይ የበዛበትን ቅያስ ለመውቀስ አትሂዱ፤ ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቃችሁ አግዙ። ቧንቧው ተሰብሮ፣ ቁልፍ ያዡ ቤት ቀይሮ፣ ውሃ በፈረቃ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በስተመጨረሻ የመጀመሪያውን መጠይቅ ያለ አንድ ቃል ለውጥ ደግማችሁ ጠይቁ። የተቅማጥን ቁጥር ስታወዳድሩ ኅዳርን ከኅዳር ጋር ይሁን። በኅዳር የተለካ በሽታ ከሐምሌው ጋር ቢተያይ በከንቱ ያሳዝናል፤ የሐምሌው መጀመሪያ ተለክቶ ከኅዳር ጋር ቢተያይ ደግሞ በሐሰት ያስደስታል። ከ40 ቤት የተገኘ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ስለ በሽታው በጥንቃቄ ተናገሩ፤ ሽንት ቤቶቹን ግን ሁሉንም ስላያችሁ ስለ እነሱ በድፍረት መናገር ትችላላችሁ።

ደረጃ 9፦ አስረክቡ

ርክክብ የፎቶ ሥነ ሥርዓት አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ የሚካሄድ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ወር እናንተ ትሠራላችሁ፣ ተረካቢዎቹ ያያሉ። በሁለተኛው እነሱ ይሠራሉ፣ እናንተ ታግዛላችሁ። በሦስተኛው እነሱ ብቻቸውን ይሠራሉ፣ እናንተ ጠርተው ካልፈለጓችሁ አትገቡም። በሦስተኛው ወር የወደቀው ነገር ገና ያልተረከበ ነውና ወደ እሱ ተመለሱ።

የምታስረክቡት በዝርዝር ይጻፍ፦ የእያንዳንዱ ሽንት ቤት ውልና ቁልፍ ያዥ፣ ለጉድጓድ ማስመጠጫ የተቀመጠ ተቀማጭ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ ባዶ መጠይቁና የክትትል ቅጹ፣ በወረዳው፣ በጤና ጣቢያውና በውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፉ የሚመለከታቸው ክፍሎች አድራሻ። አንዱ ቅጂ በእድሩ መዝገብ፣ ሌላው በጤና ጣቢያው ይቀመጥ። የነዋሪዎችን ስም የያዘው ዝርዝር ግን አይተላለፍም፤ ሥራው ሲያልቅ ይወገድ።

የመጨረሻውን ሪፖርት መጀመሪያ የሚሰሙት መረጃውን የሰጡት ነዋሪዎች ይሁኑ፤ ጽሕፈት ቤቱና ለጋሹ ቀጥለው ይሰሙታል። ያልተሳካውንም ጨምራችሁ ንገሯቸው። ከ18ቱ 15 ብቻ ከደረሳችሁ 15 በሉ፤ ሦስቱ ለምን እንደቀሩ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ የሚነግሯችሁ ምክንያት ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የመጀመሪያው መስመር ይሆናል።

እንግዲህ ሥራው በዚህ ሳምንት ይጀመር። አምስት ሰው ጥሩ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት ግዙ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠናችሁን በእግር ዙሩ፣ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባም አሥር ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ዳኛውን ጠይቁ።